ሙግት በአንቱታ አይሆንም

በባሕር ዳር ከተማ እኔን «አንተ» የሚለኝ ሰው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም ካቆመ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ መምህሩም ተማሪውም እኔው ነበርሁ፤ ፈተናውን አወጣሁ፣ ተፈተንሁ፣ አለፍሁም። እንግሊዝኛን ያወቅሁት መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤ ነው። ሬዲዮ ፈትቼ የምገጥመው ማንም ሳያሳየኝ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ዲግሪ የያዙ ሰዎች የጻፉትን ደብዳቤ ይዘው እየመጡ «እስቲ ይቺን እይልን» ይሉኝ ነበር። እኔም በቀይ እስክሪብቶ አይላቸው ነበር። ይህን ጉራ የሚለው ይኖራል። ይበል። እውነት ያለበት ጉራ ነው።

ዛሬ አንቱ የተባልሁ ሰው ነኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ለቅሶ ቤት ከፊት እቀመጣለሁ፤ የዕድር ደብዳቤ ያለ እኔ አይጻፍም። ነገር ግን አንቱ የሚባል ሰው ከሩቅ ነው ሰላም የሚባለው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰውዬ፣ ያን መጽሐፍ ጣልና ብላ!» ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ እንጀራው ሲቀዘቅዝ የሚቆጣኝ የለም። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትደውል «አባዬ፣ እንደምን ዋሉ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ትለኛለች። እንዲያ አድርጌ ያሳደግኋት እኔው ነኝ፤ የማማው ሰው የለኝም።

የቀረኝ አንድ ሰው በፋብሪካው የሽመና ማሽን መካኒክ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ቁመቱ ከበር በላይ ነበር፤ አሁን እንኳ ጎብጦ ከእኔ ይረዝማል። በወጣትነቱ የፋብሪካችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ነበር። እኔ አልተጫወትሁም። የጨዋታውን ሕግ ግን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ጥሎት ከሄደ አሮጌ መጽሐፍ ብቻዬን አጥንቼ፣ ዳኛም መዝጋቢም ሆኜ ነበር። በዚያ ዘመን በዚህ ከተማ የቅርጫት ኳስን ሕግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ አላገኘሁትም።

ጡረታ ከወጣን በኋላ ጠዋት ጠዋት ጣና ዳር፣ አንዲት ሴት ሻይ ከምትሸጥበት ዋርካ ሥር እንገናኝ ነበር። አሜሪካኖቹ ሌሊት የተጫወቱትን ልጄ በላከችልኝ ስልክ በአጭር በአጭሩ እናየዋለን። ሁለት ሽማግሎች በአንዲት ስልክ ላይ አጎንብሰን፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬ የታለ?» እያለ። ከዚያ ሙግቱ ይጀመራል። በዓመት በዓመቱ ለአንድ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት አለ፤ እኛም ያ ሽልማት ለማን ይገባል እያልን ጠዋቱን እንጨርሰዋለን።

የተጫዋቾቹ ስም ለምላሳችን ስላስቸገረ የየራሳችን ስም አውጥተንላቸዋል። የእኔ ሰው «መብረቁ» ይባላል። ኳስ ከያዘ ቅርጫት ሳያገባ አይመለስም። የእሱ ሰው «መሪጌታው» ነው። እሱ ብዙ አያገባም፤ ያቀብላል። ጓደኛዬ «መሪጌታ ብቻውን አይዘምርም» ይላል። «ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ድምፁን ለይተህ ላትሰማው ትችላለህ፤ ማኅሌቱ ግን የቆመው በእሱ ነው።»

ሙግታችን እንደ ዛሬ ሰው ሙግት በጩኸት አልነበረም። አባቶቻችን ዳኛ ፊት ይሟገቱበት በነበረው ሥርዓት ነው። ተነሥተን ጋቢያችንን አደግድገን፣ በትራችንን ዘርግተን «በላ ልበልሃ!» እንባባላለን። ጠያቂው «ተጠየቅ!» ይላል፤ ተጠያቂው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። «በቅሎ ይዣለሁ!» ብለን እንወራረዳለን፤ አንዳችንም በቅሎ ኖሮን አያውቅም። ዳኛችን ሻይ ሻጯ ናት። ፍርዷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁለታችሁም ተረታችኋል፤ ሻይ ድገሙ።»

ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ አላቆምንም። በስልካችን ምንም አይገባም፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት ጨዋታ እንሟገት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ሰው ስናገኝ «ማን አሸነፈ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ሰውየው ስለ እግር ኳስ ይመልስልናል፤ እኛም አመስግነን ወደ ሙግታችን እንመለሳለን።

አንድ ጠዋት የሽልማቱን ስም አነሣሁበት። በሬዲዮ «ኮከብ ተጫዋች» ይሉታል። እኔ ግን መዝገበ ቃላቴን ገልጬ «ትርጉሙ ስሕተት ነው» አልሁት። «ፈረንጆቹ ኮከብ አላሉም። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው፣ ከሁሉ የበለጠ ውድ የሆነ ነው ያሉት። ይህንን ከእኔ በቀር ማን ይነግርሃል?»

 ብድግ ብሎ ጋቢውን አደገደገና በትሩን ዘረጋ።

«በላ ልበልሃ! ኮከብማ በሰማይ ሲወጣ ይታያል፣ ውድ የሆነ ነገር ሲጠፋ ይለያል!» አለ። «መብረቅህ አንድ ቀን ቢታመም ሌላ የሚያገባ ይገኛል። መሪጌታው ቢቀር ግን ሌሎቹ አራቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። በራስህ መዝገበ ቃላት አሰርሁህ!»

እውነት ለመናገር ያሰረኝ በራሴ ገመድ ነው። እኔም ዝም አላልሁም፤ «ዜማው ቢያምር እንኳ፣ ቅዳሴው ቢረዝም፣ ቅርጫት ያልገባ ኳስ ነጥብ ሆኖ አይጻፍም!» ብዬ መለስሁ። ጥሩ መልስ ነበር። የእሱ ግን ይበልጥ ነበር፤ ሰውም የሳቀው ከእሱ ጋር ነው። ያን ሰሞን የኮሌጅ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ የእኛን ሙግት ለመስማት ይቆሙ ነበር። «ኮከብ ሲወጣ፣ ውድ ሲጠፋ» የምትለዋን አንዱ መምህር በስልኩ ጻፋት። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ብዙ ቁም ነገር ተናግሬአለሁ፤ አንዱንም ማንም በስልኩ ጽፎልኝ አያውቅም።

ይህ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ቤት ገብቼ የፋብሪካዎች ውድድር የነበረበትን የድሮ መዝገቤን ከሣጥን አወጣሁ። በእጄ ያሰመርሁት፣ በእጄ የጻፍሁት መዝገብ ነው። የተጫዋቹ ስም፣ ያገባው ቅርጫት፣ የቅጣት ምት፣ ጥፋት፤ አራት ዓምድ። በዚያ ውድድር ፍጻሜ ላይ የኮከብ ተጫዋችነቱ ዋንጫ የተሰጠው በዚህ መዝገብ ነው፤ የተሰጠውም ብዙ ላገባ ለሌላ ጓደኛችን ነበር። እሱ አሁን በሕይወት የለም።

በማግሥቱ መዝገቡን በፌስታል ይዤ ሄድሁ። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅሁ። ከዚያ ተነሣሁ።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!» አለ እየሳቀ።

«በፍጻሜው ጨዋታ ስንት ቅርጫት አገባህ?»

ሳቁ ቀነሰ። «ኧረ የዛሬ ስንት ዘመን!»

«እኔ ላንብብልህ። ስምህ ይኸው። ከፊቱ ባዶ ነው!» መዝገቡን ወደ ሰው አዞርሁት። «ምንም! ቅርጫት ምንም፣ የቅጣት ምት ምንም። ታዲያ አንተ በምን አፍህ ነው ስለ ውድ ተጫዋች የምትሟገተው? እኔ አይደለሁም፤ መዝገብ ነው የሚናገረው!»

ሰው ሳቀ። አሁን ከእኔ ጋር ነው የሳቀው። ጓደኛዬ ያደገደገውን ጋቢ ቀስ ብሎ ፈታና ትከሻው ላይ ጣለው። የተረፈችውን ሻይ ቆሞ ጠጣት።

«ልክ ነዎት» አለኝ። «እርስዎ እንደጻፉት ነው።»

«ምነው ጋሼ፣ አንቱታው ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ሻይ ሻጯ። ቀልድ መስሏት ነበር። እኔም ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በማግሥቱ መጣ። «እንደምን አደሩ?» ብሎ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልማዳችን «በላ ልበልሃ!» አልሁት። «እርስዎ ካሉ መብረቁ ይሁን» አለኝ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ያለኝን ሁሉ ይቀበላል። በላ ልበልሃ በባሕርዩ የአንተ ለአንተ ነገር ነው፤ «በሉ ልበልዎ» ብሎ የተሟገተ ሰው በአገራችን አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም። አንቱ የሚልህን ሰው «ተጠየቅ» ብትለው እንኳ ክርክሩ አይያዝም። በአክብሮት ይለቅልህና ብቻህን በትርህን ዘርግተህ ትቀራለህ።

ሰው ሁሉ ጨዋነቱን አደነቀለት። «እንዴት ያከብሩዎታል!» አለኝ ያ መምህር። ስድብ ቢሆን ኖሮ ለሰው ከስሼ አስታርቁኝ እል ነበር። አከበረኝ ተብሎ ግን ሽማግሌ አይላክም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምጣቱን ተወ። በኋላ ከሻይ ሻጯ እንደሰማሁት፣ ከጣና ማዶ፣ ቁንዝላ የምታስተምረው ሴት ልጁ ወስዳው እዚያው ገብቷል። ለእኔ አልነገረኝም። እኔም ዋርካው ሥር መቀመጤን አላቋረጥሁም። መብረቁ ሲያገባ በስልኬ አያለሁ። ቀና ብዬ «አየህ?» ልል እልና ጣናን አያለሁ። ከሌሎች ጋር ሞክሬ ነበር። ወጣቶቹ ጥሩ ያውቃሉ፤ ግን ሙግት ልጀምር ስል «አባባ ያሉት ነው ትክክል» ብለው ይነሣሉ። በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ሰው ረታሁ፤ አንዱም አልተሟገተኝም።

አሁን ያልተናገርሁትን ልናገር። ያ ሕጉን ያጠናሁበት መጽሐፍ መጨረሻው የተቀደደ ነበር። በተቀደደው ገጽ ላይ ስለ አመዘጋገብ የሚናገር ክፍል ነበረ፤ እኔ መኖሩን አላወቅሁም። ስለዚህ ዓምዶቹን ከራሴ አወጣሁ፤ ለሚያገባ ሰው ዓምድ አሰመርሁ፣ ለሚያቀብል ሰው አላሰመርሁም። ኳስ ማቀበል የሚቆጠር ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ? ያን የፍጻሜ ጨዋታ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ኳሷ ሁሉ የምትነሣው ከጓደኛዬ ትልልቅ እጆች ነበር። ያ የሞተው ጓደኛችን ይቀበልና ያገባል፤ እኔ የአግቢውን እጽፋለሁ። ዋንጫው ሲሰጥም ጓደኛዬ በእነዚያው እጆቹ ሲያጨበጭብ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር።

ስሕተቴን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቤቴ ዲሽ ያስገባሁ ጊዜ ነው። አንድ ጨዋታ አለቀና የተጫዋቾቹ ዝርዝር በቴሌቪዥኑ መጣ። ነጥብ የሚል ዓምድ አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ለነጥብ የበቃ ኳስ ያቀበለበት የሚል ሌላ ዓምድ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ለባለቤቴም አልነገርኋትም። ሌላው ሰው ሲሳሳት «እንዲህ ብለው አስተምረውኝ ነው» ይላል፤ ራሱን ያስተማረ ሰው ግን የሚያሳብብበት መምህር የለውም። ዋርካው ሥር መዝገቡን የገለጥሁት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

ባለፈው ግንቦት ሻይ ሻጯ «ጓደኛዎን አሟቸው ነበር አሉ፤ አሁን ተሽሏቸዋል» አለችኝ። በማግሥቱ ድንች ጭና ወደ ቁንዝላ በምትሄድ ጀልባ ተሳፈርሁ። የቆጋ መስኖ ድንች በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መንገዱን ሙሉ ክርክሬን አዘጋጀሁ። እኔ ሳልዘጋጅ የትም ሄጄ አላውቅም። ዕቅዴ ቀላል ነበር፦ ለእሱ ሰው እሟገትለታለሁ። ለመሪጌታው። ደስ ይለዋል፤ ወይም ሊቃወመኝ ብሎ ይናደዳል። ከተናደደ አንተ ይለኛል።

የልጁ ቤት ከጀልባው ማረፊያ አይርቅም። ጓደኛዬ ከደጅ ጆንያ አንጥፎ፣ የጎረቤት የውኃ መሳቢያ ሞተር በላዩ ፈታትቶ፣ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ሲያየኝ ተነሣ፤ መነሣቱ እንኳ ጊዜ ወሰደበት። የተቀመጠበትን ዱካ ጠርጎ ሰጠኝ።

«እንኳን ደህና መጡ። ምነው እንዲህ ደከሙ?»

አልተቀመጥሁም። ጋቢዬን አደገደግሁ፣ በትሬን ዘረጋሁ።

«በላ ልበልሃ! ተጠየቅ!»

ልጁ ከቤት ብቅ ብላ አየችንና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እሱ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ልጠየቅ» አለ፤ ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀምጦ።

«ዘንድሮ ሽልማቱ የሚገባው ለመሪጌታው ነው! በቅሎ ይዣለሁ!»

«የለም፤ ለመብረቁ ነው» አለ በቀስታ። «እርስዎ ቀድሞ እንዳሉት።»

«እኔ ተሳስቼ ነበር።»

«እርስዎ አይሳሳቱም።»

በድምፁ ፌዝ ቢኖርበት ምንኛ በወደድሁ። አልነበረበትም። እኔ ለእሱ ሰው ስከራከር፣ እሱ ለእኔ ሰው ሲለቅ፣ ሁለታችንም እየተሸነፍን ማንም የማያሸንፍበት ነገር ሆነ። ልጁ ሳቋን ትታ ገባች። እኔም በትሬን አስደግፌ ዱካው ላይ ተቀመጥሁ።

«መዝገቡ ጎደሎ ነበር» አልሁት። ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። «ለሚያቀብል ሰው ዓምድ አልነበረውም። መጽሐፌ መጨረሻው የተቀደደ ነበር፤ መቆጠሩን አላወቅሁም። በትክክል ጽፌው ቢሆን ዋንጫው ያንተ ነበር።»

አንዲት ብሎን አንሥቶ በጣቱ አሽከረከራት። 

«ሰው ነዎት» አለ። «ያላወቁትን ከየት አምጥተው ይጽፉታል?»

ፊቱ ለዘብ አለ። እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ምሳ በልተን፣ ስልኬን አውጥቼ፣ አጎንብሰን እናይ ነበር። ግን ላልተሟላ ነገር ይቅርታ መቀበል አቃተኝ። ጎደሎ መዝገብ አንዴ ጽፌአለሁ።

«በኋላ አወቅሁ እንጂ» አልሁ።

«መቼ?»

«ዲሽ ያስገባሁ ጊዜ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች።»

ብሎኗ በጣቶቹ መካከል ቆመች። ቀና ብሎ አየኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ዋርካው ሥር፣ በሰው ፊት ስታነብብኝ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

አንተ አለኝ። ሁለታችንም ሰማነው። አንድ ዓመት ከምናምን የናፈቅሁት ቃል መጣ፤ የመጣው ግን በምን ላይ ተቀምጦ እንደሆነ አየሁት።

«አውቅ ነበር» አልሁ።

ጭንቅላቱን ወደ ሞተሩ መለሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ያውቁ ነበር ወይ ማለቴ ነው።»

ከዚያ ልጁ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልን። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን። «ይብሉ እንጂ» አለኝ ሁለት ጊዜ። እኔም «አንተም ብላ» አልሁት። አንዱ አንቱ፣ ሌላው አንተ እያለ የሚበሉበት ማዕድ ለዓይን ምንም ነውር የለበትም። እዚያው አደርሁ፤ በማግሥቱ ጠዋት እስከ ማረፊያው ሸኘኝ። እንዳይሸኘኝ ብለምነው አልሰማኝም፤ ቀስ እያለ፣ እኔም በእሱ ልክ እየዘገየሁ ደረስን።

በአባቶቻችን ሥርዓት የተሸነፈ ሰው በራሱ አፍ ነው «ተረታሁ» የሚለው። እኔ ይህችን ቃል በዕድሜዬ ተናግሬአት አላውቅም። ሻይ ሻጯ ስትፈርድብኝ እንኳ በሳቅ ነው የማልፋት። ጀልባው ሞተሩን ሲያስነሣ ወደ እሱ ዞርሁና ያችኑ ቃል አልኋት።

«ተረታሁ።»

ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ከዚያ፦

«ማን ፈረደና ነው?» አለ።

ሌላ አልጨመረም። ጀልባው ወጣ። የአማርኛን ሰዋስው ያለ መምህር ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ አንዲትን ዓረፍተ ነገር ከሥሯ እስከ ጫፏ ፈትቼ መገጣጠም እችላለሁ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ያቺን ሦስት ቃል ፈታኋት፣ ገጠምኋት፣ መልሼ ፈታኋት። አንተም እርስዎም የለባትም።